የጋሽ ይርጉ መሪ እና እምቢ ባዮቹ

ተረት አለኝ፤ ጎማ ያለው ተረት። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ዘርፌ የምትባል መካኒክ ጋራዥ ነበራት። አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ይርጉ የሚባል ሹፌር የጭነት መኪናውን ይዞ ከች አለ። የጫነው ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ነው፤ ነገ ቆላ ላይ ልጁን ይድራል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ፤ በሰላም ወርዶ ድንኳኑን መትከል።

«መሪው ሲንቀጫቀጭብኝ ከሥሩ በላስቲክ ጠፍሬ አሰርኩት» አለ። «ድምፁ ጠፋ እኮ! ብቻ እስቲ እዪልኝ።»

ዘርፌ ከሥር ገብታ አየችና ሳቀች። «ጋሽ ይርጉ፣ አፉን ነው እኮ የሸበብከው! ዝም አለ እንጂ መቼ ዳነ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኝ ዘንግ አለ። የዘንጉ ጫፍ ላይ፣ ልክ እንደ ሰው ዳሌ፣ ቤቷ ውስጥ የምትዞር የብረት ኳስ አለች። ኳሷ ተበልታ ስትላላ መሪው ይዞራል፤ ጎማው ግን አይሰማም። ሜዳ ላይ ያስቃል፤ ቁልቁለት ላይ ገደል ነው።

አዲሷ ጫፍ ተዘጋጅታለች። አሮጌዋ ግን ዝጋ ተጣብቃ «አልወጣም» አለች።

ዘርፌ ወደ ትልቁ መዶሻ ሄደች። «መዶሻ፣ መዶሻ፣ ምታልኝ! ጫፏ አልወጣም አለች፤ ጋሽ ይርጉ ልጁን ሊድር ነው።» መዶሻው «እጀታዬ ተሰብሯል፤ አልመታም» አለ። በትንሹ መዶሻ አይሆንም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይሆንም! ትንሹ ከአንድ ጎን ይደግፋል፣ ትልቁ ከሌላው ጎን ይመታል፤ ያኔ ነው ዝገቱ የሚለቀው።

ወደ ወይራው ግንድ ሄደች። «ወይራ፣ ወይራ፣ እጀታ ሁነኝ! መዶሻው አልመታም አለ፤ ጫፏ አልወጣም አለች፤ ጋሽ ይርጉ ልጁን ሊድር ነው።» ወይራው «ሳልጠረብ አልሆንም» አለ።

ወደ መጥረቢያው ሄደች። «መጥረቢያ፣ ጥረብልኝ! ወይራው አልሆንም አለ፤ መዶሻው አልመታም አለ፤ ጫፏ አልወጣም አለች፤ ጋሽ ይርጉ ልጁን ሊድር ነው።» መጥረቢያው «ስለቴ ተሸርፏል፤ ሳልሳል አልጠርብም» አለ።

ወደ መሳያው ማሽን ሄደች። «ማሽን፣ ዙርልኝ! መጥረቢያው አልጠርብም አለ፤ ወይራው አልሆንም አለ፤ መዶሻው አልመታም አለ፤ ጫፏ አልወጣም አለች፤ ጋሽ ይርጉ ልጁን ሊድር ነው።» ማሽኑ «መብራት ጠፍቷል፤ አልዞርም» አለ። ጀነሬተሩን ብትለምነው ደግሞ «ናፍታ የለኝም፤ አልነሳም» አላት።

ጋሽ ይርጉ ጨሰ። «ምን ዓይነት ሰፈር ነው? ሁሉም እምቢ! ለሰው የሚያዝን ጠፋ?»

ዘርፌ ጠርሙስና የጎማ ቱቦ ይዛ ወደ እሱው መጣች። «ጋሽ ይርጉ፣ ናፍታ ስጠኝ! ጀነሬተሩ አልነሳም አለ፤ ማሽኑ አልዞርም አለ፤ መጥረቢያው አልጠርብም አለ፤ ወይራው አልሆንም አለ፤ መዶሻው አልመታም አለ፤ ጫፏ አልወጣም አለች፤ ጋሽ ይርጉ ልጁን ሊድር ነው።»

«አልሰጥም!» አለ ጋሽ ይርጉ። «ለክቼ ነው የቀዳሁት።»

«ጥሩ። ላስቲኳን መልሼ ልሰርልህ?»

ጋሽ ይርጉ ቁልቁለቱን አየ። አግዳሚ ወንበሮቹን አየ። ከዚያ አንገቱን አከክ አከክ አደረገ። «ለካ የእምቢታው ጅራት እኔ ነኝ!» አለና የመኪናውን ናፍታ ክዳን ከፈተ።

ናፍታው ተቀዳ፤ ጀነሬተሩ ተነሳ፤ ማሽኑ ዞረ፤ መጥረቢያው ጠረበ፤ ወይራው እጀታ ሆነ፤ መዶሻው መታ፤ ጫፏ ጧ ብላ ወጣች። ዘርፌ የአሮጌዋን ልክ በጠመኔ ምልክት አድርጋ ነበርና አዲሷን እዚያው ድረስ አስገብታ አጠበቀች። አለዚያ ሁለቱ ጎማዎች እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ፊታቸውን ያዞራሉ።

ጋሽ ይርጉ መሪውን ነካ ሲያደርገው ጎማው ወዲያው እሺ አለ።

«ላስቲኬስ?» አለ ሊሄድ ሲል።

«ድንኳኑን እሰርበት፤ ልክ ቦታው እሱ ነው።»

ድንኳኑ በማግስቱ ቆላ ላይ ተተከለ፤ ልጅቷም ተዳረች። እኔም ተረቴን እዚህ አቆምኩ፤ እንዳይንሸራተትብኝ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉልኝ።