አህያ ያልተጠራችበት ግዢ

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ ጠብ ሳይል በቀረበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ ሸለቆ ለሚኖሩ አራዊት ሁሉ የቀረቻቸው አንዲት ምንጭ ብቻ ነበረች። ምንጯ ቀጭን ናት። ሁሉም ባንድ ጊዜ ከገቡባት ጭቃ ትሆናለች፤ ተራ ጠብቀው ከጠጧት ግን ለሁሉም ትበቃለች። ስለዚህ የሸለቆው ንጉሥ አንበሳ ሁለት ትእዛዝ አወጣ። አንደኛው፣ ድርቁ እስኪያልፍ ድረስ በምንጯ ዙሪያ ማንም ማንንም እንዳይበላ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማንም ስሙ ሳይጠራ ውሃ እንዳይነካ ነው።

ስም የምትጠራው አህያ ነበረች። ከምንጯ ከፍ ብሎ ባለው ዋርካ ሥር የተራ ጽሕፈት ቤት ተከፍቶላት፣ በፀሐይ ኃይል ከሚሠራ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ ትውላለች። መጀመሪያ ላይ ተራው የሚጻፈው በወረቀት ነበር፤ ወረቀቱን ምስጥ በላው። ያን ጊዜ ኤሊ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የራሱን ኮምፒዩተር አምጥቶ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ የተራ ፕሮግራም ሠራላቸው። ፕሮግራሙ ትናንት ማን እንደጠጣ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ አይቶ በየማለዳው አዲስ ዝርዝር ያወጣል። የምታጠባ እናት ከሁሉም ትቀድማለች። የዝሆን ጉልበትና የጎሽ ቀንድ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

አህያ ሥራዋን ትወድ ነበር። አመስግኗት የሚያውቅ የለም፤ እሷም አልጠበቀችም። ሥራ ስትጨርስ ዝርዝሩንና ፕሮግራሙን በፍላሽ ዲስክ ትገለብጥና ፍላሹን አንገቷ ላይ አስራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሰኞ ዕለት መጨረሻ ላይ የመዘገበችው ሚዳቋን ነበር። ሚዳቋ በዚያው ቀን ግልገል ወልዳ ነበርና፣ ስሟ ወደ ዝርዝሩ ራስ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ። አህያ ገመዱን ነቅላ ሰካች፣ አቧራውን እፍ እፍ አለች፣ ቁልፉን ደጋግማ ተጫነች። ምንም የለም። ዕድሜው አልቆ ነበር።

አንበሳ ነገሩን ሲሰማ የግዢ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ እሱ ራሱ ውሃ ለመለመን ወደ ጎረቤት ሸለቆ ሄደ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጅብ ሆነ። ለምን ጅብ እንደተመረጠ እስከ ዛሬ በቅጡ የሚያውቅ የለም፤ ስብሰባ ላይ ድምፁ ከሁሉ ስለሚጎላ ይመስለኛል። አራዊቱ ለግዢው ከየጎጆአቸው ማር አዋጡ። ረቡዕ ዕለት ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ተከራከረ፣ አጨበጨበ። አህያ ትጠራ ያለ ግን አንድም አልተገኘም። ቃለ ጉባኤው ላይ «አህያ ሥራ ላይ በመሆኗ አልተገኘችም» ተብሎ ተጻፈ። እውነት ነው፣ ሥራ ላይ ነበረች። የምታስታውሰውን ተራ በሰኮናዋ አቧራ ላይ ትጽፋለች፤ ጎሾቹ ደግሞ እየረገጡ ያጠፉባታል።

ሆኖም አህያ አንድ ጊዜ መጥታ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ስብሰባው ሊበተን ሲል ከደጅ ቆመች። ጅብ አያትና፣

«ምን ፈለግሽ?» አላት።

የመጣችው የኤሊን ቃል ልታደርስ ነበር። ኤሊ ሊሞት ሲል «ይህ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ካልሆነ አይከፈትም፤ ይህን እንዳትረሺ፣ አደራ» ብሏት ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ነገር ግን ጅብ አዛጋና ጥርሱ ታየ። የአህያን እናት የበላው ይኸው ጥርስ ይሁን የሌላ ጅብ፣ አታውቅም።

«ምንም፣ አያ ጅቦ» አለች። «እንዴት ዋሉ ልል ብዬ ነው።»

«ደኅና ዋልኩ። ወደ ሥራሽ!»

ሄደች። መንገድ ላይ «ካልጠሩኝ ምን አገባኝ» እያለች ራሷን አጽናናች።

በማግስቱ ጅብ ማሩን አሸክሞ ወደ ቀበሮ ሱቅ ወረደ። ቀበሮ ሁለት ኮምፒዩተር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ አንዱ ጥቁርና ወፍራም፣ ሌላው ቀጭንና ብርማ ነው።

«ይህ ዊንዶውስ ነው፣ ይህ ደግሞ ማክ ነው» አለች። «ሁለቱም ደኅና ዕቃ ናቸው። ለምን ዓይነት ሥራ ነው የፈለጉት፣ አያ ጅቦ?»

«ለሥራ ነዋ! ሥራ ሥራ ነው!»

ቀበሮ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። እንዲህ ያለ ደንበኛ በየቀኑ አይገኝም።

«ለመሆኑ የሚከፍቱበት የቆየ ነገር አለ? ፕሮግራም፣ ዝርዝር፣ እንዲህ ያለ?»

«የቆየ ነገር አንፈልግም! አዲስ ነገር ልንገዛ አይደል እንዴ የመጣነው?» አለ ጅብ። ይህን ሲል ዓይኑ ከማኩ ክዳን ላይ አልተነሣም። «እዚህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ፖም ነው።»

«ማን ገመጠው?»

«ማንም አልገመጠው፤ ሲሠራ እንዲሁ ነው።»

ጅብ አላመናትም። እሱን ቀድሞ የቀመሰው እንዳለ ሲያስብ ምራቁ ሞላ። ቀበሮም ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እርግጥ ይህኛው ዋጋው ይከብዳል፤ ያመጣችሁት ማር በሙሉ ይገባበታል። ነገር ግን ይህን መርጦ የገዛኝ ሰብሳቢ ከጓዳዬ አንድ የበሬ ታፋ ተሸክሞ ይሄዳል። ለድካሙ።»

«የፊት ነው የኋላ?»

«የኋላ።»

ከዚህ በኋላ ጅብ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

ዓርብ ጠዋት ማኩ በጭብጨባ ዋርካው ሥር ገባ። በእውነት ያማረ ነበር። ሲከፈት ድምፅ የለውም፣ መስታወቱ እንደ ንጹሕ ውሃ የጠራ ነው። አህያ ፍላሹን ከአንገቷ ፈትታ ሰካች። የኤሊ ፕሮግራም ስሙ ታየ። ተጫነችው። አልተከፈተም። ደግማ ተጫነችው። ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒዩተር ላይ አይሠራም የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«አያ ጅቦ፣ አይከፈትም» አለች።

«ሥልጠና ያስፈልግሻል ማለት ነው።»

«ኤሊ ሊሞት ሲል…»

«ኤሊ ሞቷል!» አለ ጅብ። «ይህን የመሰለ ዘመናዊ ዕቃ አምጥተንልሽ ታማርሪያለሽ? አመሰግናለሁ በይ!»

ጥርሱ አሁንም ያው ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለች አህያ።

አራዊቱ እስከዚያ ቀን ታግሠው ነበር። ማክሰኞ ተከባበሩ፣ ረቡዕና ሐሙስ ተገፋፉ። ዓርብ አዲሱ ኮምፒዩተር ገብቶም ስም የሚጠራ እንደሌለ ሲያዩ፣ ከሰዓት በኋላ ጎሾቹ ባንድነት ምንጯ ውስጥ ገቡ። ከርከሮዎቹ ተከተሏቸው። ቅዳሜ ምንጯ ጭቃ ሆነች።

ሚዳቋ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። ግልገሏ ከኋላዋ እየተንገዳገደ ይከተላታል።

«እሜቴ አህያ፣ ተራዬ አልደረሰም?»

«ደርሷል እንጂ። ከማክሰኞ ጀምሮ አንደኛ ነሽ።»

«እንግዲያው ጥሪኝ።»

አህያ ወጥታ ባላት ድምፅ ሁሉ «ሚዳቋ፣ ከነግልገሏ!» ብላ ጮኸች። ከጎሾቹ አንዱ አፉን ከጭቃው ሳያነሣ፣

«ዝርዝሩ የት አለ? አሳዪን» አላት።

የምታሳየው አልነበራትም።

«እኔስ እችላለሁ» አለች ሚዳቋ፣ በዝግታ። «ጡቴ ነው የደረቀው። እሱ የሚጠባው አጣ።»

አህያ ወደ ማኩ ተመልሳ ያንኑ ስም ተጫነችው፤ ያው ጽሑፍ ወጣ። ደጋግማ ተጫነችው። እሑድ ቀትር ላይ ግልገሉ ከዋርካው ጥላ ዳር ተኛና ሳይነሣ ቀረ። ሚዳቋ ስትልሰው ዋለች።

ሰኞ ማለዳ አንበሳ ባዶ እጁን ከጎረቤት ሸለቆ ተመለሰ። ምንጯን አየ፣ ሚዳቋን አየ፣ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ሁሉም ተሰበሰቡ።

«ቀበሮ፣ ይህን ለምን ሸጥሽልን?»

«ጌታዬ፣ ለምን ሥራ ነው ብዬ ጠየቅኩ። የቆየ ፕሮግራም አላችሁ ወይ ብዬም ጠየቅኩ። ሰብሳቢው አንፈልግም አሉኝ።»

«ስለ ታፋውስ?» አለ፤ የታፋው ወሬ መንገድ ላይ ደርሶት ነበር።

ቀበሮ መሬት መሬት አየች። ጅብ ግን የተጠየቀው ሳይገባው፣

«ጥሩ ታፋ ነበር» አለ።

የሳቀ አልነበረም። አንበሳ ወደ አህያ ዞረ።

«አንቺስ? ፕሮግራሙ እንደማይከፈት ታውቂ ነበር?»

አህያ ሰኮናዋን አየች። አላውቅም ብትል የሚመሰክርባት አልነበረም፤ ኤሊ ሞቷል።

«አውቅ ነበር» አለች። «ልነግራቸው ሄጄ ጥርሱን ሳይ ፈራሁ። ደግሞ ስላልጠሩኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ሁለቱም አለበት ጌታዬ።»

አንበሳ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሥራ የሚሠራውን፣ ሥራ ላይ ነው ብሎ የሚተው ኮሚቴ ያቋቋምኩት እኔ ነኝ» አለ። «በግልገሉ ሞት የእኔም እጅ አለበት።»

ጅብ በዚህ ጊዜ የተሻለ ሐሳብ መጣለት፤ ብድግ ብሎ «እንግዲያው ይህ ማክ የሚባል ዕቃ ገደል ይጣል! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሸለቆ ይከልከል!» እያለ ጮኸ። ሌሎችም ቁጣቸውን የሚጥሉበት ነገር አጥተው ነበርና «ይጣል! ይጣል!» አሉ። ሊነሡ ሲሉ ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ጉሬዛ ወረደ። ጉሬዛ ሠዓሊ ነው፤ ሥዕልና ተንቀሳቃሽ ምስል እየሠራ የሚኖር፣ ነጭ ካባው የማይቆሽሽ፣ ብዙ የማይናገር ነበር።

«ጌታዬ፣ ኮምፒዩተሩ ምን አጠፋ?» አለ። «እኔ ሥዕሌን የምሠራው እንዲህ ባለ ማክ ነበር፣ በውሰት። የተዋስኩትን ከመለስኩ ወዲህ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ለእኔ ሥራ ከዚህ የሚስማማኝ የለም። ለአህያ ሥራ ደግሞ ያ ጥቁሩ ነው የሚስማማት። ሥራችን አንድ አይደለም። እንድገዛው ይፈቀድልኝ፤ ያለኝን ማር እሰጣለሁ።»

አንበሳ ፈቀደ። ቀበሮም የጉሬዛን ማር ተቀብላ ጥቁሩን ዊንዶውስ በራሷ ጀርባ ተሸክማ አመጣች። ጅብ ከሰብሳቢነት ወረደ፤ ታፋው ግን በሆዱ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሸለቆው ውስጥ ለሥራ የሚሆን ማናቸውም ዕቃ ሲገዛ፣ በዕቃው የሚሠራው ሳይጠየቅ ስብሰባ እንዳይከፈት ታዘዘ። አህያም ብትፈራም ባትፈራም እንድትናገር ታዘዘች፤ ሲሰበሰቡ አንበሳ ከጎኗ ይቀመጣል።

አህያ ፍላሹን ሰካች። የኤሊ ፕሮግራም ሳይዘገይ ተከፈተ፤ ያለፈው ሰኞ ዝርዝር እንዳለ ነበር። አራዊቱ ተሰለፉ፣ ጎሾቹም አንገታቸውን ደፍተው ከምንጯ ወጡ። ሚዳቋ ከአህያ ጀርባ ቆመች።

«ምን ይላል?» አለቻት።

«ሚዳቋ፣ ከነግልገሏ። አንደኛ።»

ፕሮግራሙ በየማለዳው የሚጠይቀውን ጥያቄ አወጣ፦ ሚዳቋ ታጠባለች? ከሥሩ አዎ እና አይደለም የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አህያ ወደ ሚዳቋ ዘወር አለች።

«አዎ ልበልልሽ?» አለች፣ ማንም እንዳይሰማት። «ዛሬ እንኳ ቀድመሽ ጠጪ።»

ሚዳቋ ረጅሙን ሰልፍ ዞራ አየችው። መካከሉ ላይ አንዲት ድኩላ ሆዷ ገፍቶ ቆማለች።

«አይሆንም» አለች። «እውነቱን ጻፊ። እውነቱ ሳይነገር ነው ልጄ የሞተው።»

አህያ አይደለም የሚለውን ተጫነች። የሚዳቋ ስም ከዝርዝሩ ራስ ላይ ጠፍቶ ከታች፣ መጨረሻው ሠላሳ አንደኛ ላይ ወጣ። ሚዳቋ ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች፤ አህያም እንባዋን ሳትጠርግ የመጀመሪያውን ስም ጠራች።

ከዚህ የምንማረው፣ የቱ ዕቃ ይበልጣል ብለን ከመከራከራችን በፊት ሥራው ምን እንደሚፈልግ ሠራተኛውን መጠየቅ እንዳለብን፣ የሚያውቅ ሠራተኛም ባይጠራ እንኳ ዝም ማለት እንደሌለበት ነው።