የአሻግሬን ስም ማን ያሻግር?

በአንድ ወቅት፣ ዓባይ በቆላ በሚያልፍበት አገር፣ በክረምት ሙላት መንገደኛ የሚያሻግር ዋናተኛ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። ከውሃ አፍ ያወጣቸው ሰዎች «አሻግሬ» አሉት፤ አሻግሬ ሆኖ ቀረ። ስሙም እንደ ባለቤቱ ደፋር ነበርና ወንዙን ተሻግሮ በማዶ አገር ተዳረሰ።

ሲሞት ለሚስቱ ለወይዘሮ አንጓች ተናዘዘ፦ «ዘንጌን ስሜን ለሚያሻግረው ልጅ ስጪው።» በዚያ አገር ዘንጉን የወረሰ ሰው ዘሩ ሁሉ «የአሻግሬ ቤት» ይባላል። የቀሩት በየራሳቸው ስም ይቀራሉ።

ወይዘሮ አንጓች ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ይግዛው የበኩር ልጅ ነው። ደብሬ ማዶ ተድራ የአባቷን ሥራ ለልጅ ለአዋቂው ስትተርክ የኖረች ናት። ቢራራ ደግሞ ወላጆቹን ሙላት የወሰደበት፣ ማር የተቀባ አውራ ጣታቸውን ጠብቶ የጡት ልጅ የሆነላቸው ነው። ወይዘሮ አንጓች ከሆዳቸው ፍሬ ለይተውት አያውቁም።

ለተዝካሩ ደብሬ የማዶውን ሰው አስከትላ ስትመጣ፣ ወንዙ መሀል ካለው ደሴት ላይ ሳሉ ውሃው ድንገት ሞላ። ሰዉ ተደናግጦ ሊዘል ሲል ደብሬ ጮኸች፦ «የአሻግሬን ስም የሚያከብር ንቅንቅ እንዳይል!» ማንም አልተነቃነቀም።

ይግዛው ዳር ቆሞ ውሃውን አስተዋለ። አባቱ ያሳየው መሻገሪያ መልካ ከደራሹ ውሃ በታች መኖሩን እሱ ብቻ ያውቅ ነበርና «በቀኝ! ከዋርካው ትይዩ!» እያለ መራ።

ቢራራ የጠፍር ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ በዚያው መልካ ገባ። አንድ በአንድ ሁሉንም አወጣ። በመጨረሻው ምልልስ ግን ግንድ መጥቶ ክንዱን ሰበረው፤ ዳግመኛ አይዋኝም።

ማንም ሳይሞት ተዝካሩ ተበላ፤ እልልታው ወንዙን አስናቀ። ወይዘሮ አንጓች ዘንጉን ይዘው ተነሡ።

«መልካውን አባዬ ያሳየው ለእኔ ነው። ነገም ሰው የማሻግር እኔው ነኝ» አለ ይግዛው።

«ልጆቼ በአባታቸው ስም ይጠራሉ፤ ይሁን። ግን ማዶ አባዬን ያወቀው በማን አፍ ነው?» አለች ደብሬ።

ቢራራ የታሰረ ክንዱን እያየ «እማዬ፣ እኔ ሌላ አባት አላውቅም። ዘንጉ ካለፈኝ ልጆቼ ከእኔ ወዲያ ማንን ይቆጥራሉ?» አለ።

ወይዘሮ አንጓች ሦስቱንም አዩ። «አሻግሬ! አንድ ዘንግ ትተህ ሦስት አሻግሬ ታሳየኛለህ?» አሉና አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው አንድ እርምጃ ተራመዱ።

ወደ ማን እንደተራመዱ እኔ አልናገርም፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። መንገዱን ላወቀው፣ ስሙን ለዘራችው፣ ወይስ ክንዱን ለከፈለው፦ የአሻግሬ ስም የሚገባው ለማን ነው?