ጀርባውን ሰጥቶ የሚደለድል ሹም

አንድ ሹም ነበረ። ሥራው መስከረም ሲጠባ ለየትምህርት ቤቱ መምህራን መደልደል ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሹማምንት ፊት አይተው እያዳሉ ጥሩ ጥሩውን መምህር ለዘመዶቻቸው ልጆች ይሰጡ ስለነበር፣ አገሩ ተማሮ አንድ ደንብ አወጣ። ሹሙ ከአጥር ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆምና «ተማሪዎች!» ብሎ ይጣራል። ልጆቹም «አቤት!» ይላሉ። ድምፁ ከበረታ መምህር ይበዛል፤ ከሳሳ ያንሳል። እነማን እንደሚማሩ ለሹሙ መንገር ክልክል ነው። እሱም በዚህ ደንብ እጅግ ይኮራ ነበር፤ አንድም ቀን ዞር ብሎ እንደማያውቅ ሳይጠይቁት ያወራል።

በአገሩ ዳር መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተመደበላቸው፣ በእጅ ምልክት የሚያስተምራቸው መምህር በክረምቱ ሞተባቸው። ከልጆቹ አንዷ ስንዱ ትባላለች። እናቷ ይታክቱ ያ መምህር እስኪመጣ ድረስ ልጇ ምን እንደምታስብ አታውቅም ነበር። አሁን ምትክ ካልተሰጣቸው ስንዱ ወደዚያ ዝምታ እንደምትመለስ ስለገባት፣ ሹሙ በሚመጣበት ቀን ማልዳ አጥሩ ሥር ቆመች።

ሹሙ መጣ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ከኋላው የብዙ ወፎች ክንፍ ሲርገበገብ የሰማ መሰለውና ማጅራቱን ቀዘቀዘው። ልጆቹ ነበሩ፤ ይታክቱ ስትጠቁማቸው ሁሉም እጃቸውን አንስተው ያውለበልባሉ።

ይታክቱ ካባውን ያዘችው። «ጌታዬ፣ አንዴ ብቻ ይዙሩ። ልጆቹ እዚሁ ናቸው።»

«ብዞር አዳላሁ» አላት። «ያልሰማሁትን አልቆጥርም።»

ካባውን አስለቅቆ ሄደ። የዚያን ትምህርት ቤት ድርሻም ድምፁ ለበረታ ለከተማው ትምህርት ቤት ሰጠ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚያ አገር ግን መምህር አይገዛም ነበር።

ሹሙ ቤቱ ደርሶ በቅሎውን የሚቀበለው ሰው ተጣራ። ማንም ቀና አላለም። ሚስቱን በስሟ ጠራት፤ በአጠገቡ አልፋ በሩን ዘጋች። ድምፁ ለራሱ ጆሮ ይሰማል፤ ከእሱ አልፎ ግን የትም አይደርስም። ፈራ። እየሮጠ ወደ ሸንጎ ሄደ። ሹማምንቱ በየስማቸው ይጠሩ ነበር። የእሱ ተራ ሲደርስ «አቤት!» አለ። ጠሪው ደገመ። እሱም ጉሮሮው እስኪነድ ጮኸ።

«የለም» አለ ጠሪው፤ በቦታው ሌላ ሰው ሾሙ። ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ጥቁር ለብሳ፣ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶት አገኘ። ከመካከላቸው ቢቆምም ለእሱ ያለቅሳሉ እንጂ እሱን አያዩትም።

ሌላ መሄጃ አጣና ወደዚያ ትምህርት ቤት ተመለሰ። ልጆቹ መምህር በሌለበት ክፍል ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጠዋል። ከደጃፉ ሲቆም ስንዱ አየችው። ደህና አድርጋ አየችው። ከዚያም አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ሹሙ ተቀምጦ አለቀሰ።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም ጠባ። አዲሱ ሹም መጥቶ ከአጥር ውጭ ጀርባውን ሰጠና «ተማሪዎች!» ብሎ ተጣራ። የቀድሞው ሹም ከመቀመጫው ዘሎ ተነሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ «አቤት!» አለ። ደግሞም አለ። በዙሪያው የልጆቹ እጆች ሁሉ ተነሥተው ይርገበገባሉ። ይታክቱ የአዲሱን ሹም ካባ ይዛ ስትለምን በመስኮት አየ፤ የተመለሰላትንም ቃል ሰማ። እሱው ራሱ የተናገረው ቃል ነበር። አዲሱ ሹም በቅሎውን አስነሥቶ ሄደ።

አለማዳላት ማለት ማንንም አለማየት አይደለም። ድምፅ ሰምቶ ብቻ የሚደለድል ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ መምህር የሚያስፈልገውን ልጅ ሳያየው ያልፋል። እርስዎስ አንባቢ፣ «ለሁሉም እኩል ነኝ» ሲሉ ጀርባዎን የሰጡት ለማን ነው?