ከማሲንቆው ሥር የነበረው ድምፅ

አንድ የድምፅ ማኅደር ኃላፊ ነበር። በማኅደሩ ውስጥ ከየአገሩ የተቀዱ የሠርግና የለቅሶ ዜማዎች በኮምፒውተር ተቀምጠዋል። ፋይሎቹ ከድሮ ካሴቶች ላይ ምንም ሳይቀነስባቸው የተገለበጡ ስለሆኑ ብዙ ቦታ ይይዛሉ። ካሴቶቹ ራሳቸው ተበላሽተው ከተጣሉ ቆይተዋል። ኃላፊው ቦታው መጥበቡን ሲያይ ፋይሎቹ ሁሉ የመጨረሻ ትንሽ እስኪሆኑ እንዲጨመቁ፣ ትልልቆቹ የመጀመሪያ ፋይሎችም እንዲጠፉ አዘዘ።

የማኅደሩ የድምፅ ባለሙያ በዚህ አልተስማማም። ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲያሳንስ ከጎላው ድምፅ ሥር ያለውን ቀጭን ድምፅ ጆሮ አይለየውም ብሎ እንደሚጥለው አስረዳ።

«ጆሮ ካልለየው ለማን ብለን ነው የምናስቀምጠው?» አለ ኃላፊው።

ባለሙያው ትልልቆቹ ለጊዜው እንኳ ይቆዩ ብሎ ለመነ። ኃላፊው አንድን ዘፈን ሁለት ቦታ ማስቀመጥ የሰነፍ ሥራ ነው ብሎ መለሰው። ትእዛዙ ተፈጸመ። በስብሰባ ላይም ለኃላፊው ተጨበጨበለት።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ አትጠገብ የሚባሉ አሮጊት ከመጽሐፍ አሳታሚዎች ጋር መጡ። በወጣትነታቸው በየሠርግ ቤቱ ለአዝማሪ ግጥም ይሰጡ ነበር። ከተቀመጡበት ሆነው ስንኙን ይሉታል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ከማሲንቆው ጋር ያዜመዋል። ያ አዝማሪ አሁን ሞቷል፤ ዘፈኑ ግን ዝነኛ ሆኗል፤ ግጥሙም በእሱ ስም ሊታተም ነው። አሳታሚዎቹ ግጥሙ የእርስዎ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለዎት ሲሏቸው፣ ዘፈኑ ሲቀዳ ድምፃቸው አብሮ መግባቱን ነግረዋቸዋል።

ፋይሉ ተከፈተ። አዝማሪው ጥርት ብሎ ይሰማል። ሴትዮዋ ስንኝ በሰጡበት ቦታ ሁሉ ግን ከማሲንቆው ሥር የሚሰማው ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው የተድበሰበሰ ነገር ብቻ ነው።

አሳታሚዎቹ ወደ ባለሙያው ዞረው የመጀመሪያውን ፋይል ሰምቶት እንደሆነ ጠየቁት። ሰምቶታል። የሴትዮዋን ድምፅም በደንብ ያውቀዋል። ኃላፊው አጠገቡ ቆሞ ነበር። ባለሙያው አላስታውስም አለ።

ኃላፊው በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ዘፈኑ እኮ ሙሉ ነው። አንድም ስንኝ አልጎደለም» አላቸው።

«ስንኙማ ምን ይጎድላል፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «የጎደልኩት እኔ ነኝ።»

መጽሐፉ በአዝማሪው ስም ታተመ።

ይህን ታሪክ የሰሙ ብዙዎች ጥፋቱን በኮምፒውተሩ ላይ ይጥላሉ። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው የሠራው። የአንድን ሰው ድካም ደብዛውን ለማጥፋት፣ ትርፍ ነው ብሎ የሚቆርጥ ሰውና እያወቀ ዝም የሚል ሰው ይበቃሉ። የቆረጠውን፣ ምን እንደቆረጠ አልገባውም ብለን ልናልፈው እንችል ይሆናል። ዝም ያለውን ግን ምን እንበለው? የተማረ ነው፣ ሰምቷል፣ ተጠይቋልም።

እርስዎስ፣ በጆሮዎ የሰሙትን አላስታውስም ብለው ያውቃሉ?