ወደ ወፎቹ ደሴት የሚሄደው ሁለተኛ ሰው

በአንድ ወቅት ባቲ ከተማ ውስጥ ሰዓዳ የምትባል፣ አራት ወልዳ ሦስት የቀሯት እናት ነበረች። ሦስቱን አስቀድሜ ላሳውቃችሁ፤ ኋላ ላይ በመካከላቸው ፍረዱ ብዬ አስጨንቃችኋለሁና።

ትልቁ እንድሪስ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሐል አገር ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና የሚያሽከረክር፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎም ዕንባው የሚመጣ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ጦይባ ናት። ጅቡቲ ገብታ ሰው ቤት ስታጸዳ ዓመታት ቆየች፤ ዓረብኛውንም ፈረንሳይኛውንም ከለመደች በኋላ ቱሪስቶችን በትንሽ መርከብ ወደ ደሴቶች የሚወስድ ቢሮ ቀጠራት። ሰዎቹ የሚመጡት የባሕር ወፍና ኤሊ ለማየት፣ የዋና መነጽር አድርገው ውኃ ላይ በደረታቸው ተንሳፈው ዓሣ ለመመልከት ነው። ጦይባ ስማቸውን ትመዘግባለች፣ የጉዟቸውን ዕቅድ ታወጣለች። የመጨረሻው ከማል ነው። ልጅነቱን ሐይቅ ከተማ አጎቱ ዘንድ ስላሳለፈ ዋና የተካነ፣ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ውኃ አጠገብ ደርሶ አያውቅም፤ እናቱ ቤት ተቀምጦ ብሎኬት ያመርታል።

የሌለው ሙሄ ነው፤ የጦይባ ታናሽ፣ የከማል ታላቅ። ከአራት ዓመት በፊት ባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ወጣ። ከማልም አብሮት ወጥቶ ነበር፤ በወሩ ብቻውን ተመለሰ።

«ባሕሩን ሳየው ፈራሁ፤ እሱ ተሳፈረ፣ እኔ ዳር ቀረሁ» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ጀልባዋ መገልበጧ ተወራ። ጎረቤቶች ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ «ማን ሞተና ነው?» ብላ መለሰቻቸው። ሬሳውን ያየ፣ አፈር ያለበሰ ሰው መጥቶ እስኪነግራት አላለቅስም አለች። አራት ዓመት ሙሉም አላለቀሰችም።

እነሆ እንድሪስ ያደረገው። ወደብ በደረሰ ቁጥር፣ ሌሎቹ ሹፌሮች የመጫኛ ተራቸውን እየጠበቁ ጫት ሲቅሙ፣ እሱ የሙሄን ፎቶ ስልኩ ላይ ከፍቶ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዘንድ ይወርዳል። ብዙዎቹ የፖሊስ ሰው መስሏቸው አባረሩት። አንዱ ድንጋይ ወረወረበት። በአራተኛው ዓመት ዓሊ ዲኒ የሚባል ሽማግሌ የአፋር ዓሣ አስጋሪ ስልኩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ፊቱን አላውቀውም። ባሕር ፊት አያስቀርም» አለው። «ግን ያልካት ጀልባ የተገለበጠች ሰሞን የወፎቹ ደሴት ላይ አሥራ አራት ሰው ቀብረናል። አንድ የተረፈ ልጅ ነበር፤ አብሮን ቀበረ።»

«ማን ይባላል የተረፈው?»

«አንድም ቃል አልተናገረም።»

እንድሪስ ውሰደኝ ብሎ እግሩ ላይ ወደቀ። ዓሊ ዲኒ ግን አይሆንም አለው። ደሴቱ ከዚያ ወዲህ ለወፎቹና ለኤሊዎቹ ሲባል ጥበቃ ተደርጎለታል፤ የዓሣ አስጋሪ ጀልባ ከተጠጋ ይወረሳል። በዓመት ሁለት ወር ብቻ አንዲት የቱሪስት መርከብ ትደርሳለች፤ ከእሷ በቀር መንገድ የለም።

እንድሪስ እዚያው ሆኖ እናቱ ጋ ደወለ። ሰዓዳ እስኪጨርስ ሰምታው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዙረዋቸዋል?»

«አዙረዋቸዋል እማዬ።»

ያን ቀን ድንኳን ተተከለ። ሰዓዳም አራት ዓመት ያቆየችውን አለቀሰች። ለቅሶው ሲያበቃ ልጆቿን «መቃብሩን አሳዩኝ» አለቻቸው።

እነሆ ደግሞ ጦይባ ያደረገችው። ዓሊ ዲኒ የጠቀሳት መርከብ የሷ ቢሮ መርከብ ነች። ስምንት እንግዳ ትይዛለች፤ ቦታው ከዓመት ቀድሞ ተይዞ ያልቃል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ደሴቱ ለማንም እንደሚዘጋ ተነግሯል። ጦይባ የቢሮውን ባለቤት በየጠዋቱ ትለምነው ጀመር። መጀመሪያ ሳቀባት፤ ቀጥሎ ዳግም ካነሳሽው ከሥራ ትወጫለሽ አላት። እሷ ግን አነሳችው። በመጨረሻ ባልና ሚስት ተጓዦች ታመው ሲቀሩ፣ የሁለት ዓመት ዕረፍቷን ስትተውለት ቦታቸውን ሰጣት።

«ሁለት ሰው ነው፤ ሁለት ብቻ» አላት። «እናትሽ ካለ ደጋፊ አትሳፈርም። እንደማንኛውም ጎብኚ ይሄዳሉ። መርከቤ ላይ ለቅሶ አልፈልግም፤ ሰዎቹ የሚመጡት ሊደሰቱ ነው።»

ጦይባ የተጓዦችን መመዝገቢያ ቅጽ ይዛ ባቲ ገባች። አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁሉም እናታቸው ቤት ተሰብስበው ጉዞውን ያቅዱ ጀመር። ሁለተኛው ተጓዥ ማን እንደሆነ ማንም አላነሳም፤ እንድሪስ እኔ ነኝ ብሎ፣ ጦይባም እኔ ነኝ ብላ በየልባቸው ጨርሰውታል።

«መዋኘት ይችላሉ ወይ ይላል» አለች ጦይባ።

«የቦርከናን ወንዝ ስሻገር እንኳ ሰው ነው የሚይዘኝ» አለች ሰዓዳ።

ጦይባ «በመጠኑ» ብላ ጻፈች።

«የጤና ችግር?»

«ልቤ።»

«የለም» ብላ ጻፈች።

«በጉዞው ምን ለማየት ይፈልጋሉ?»

«ልጄን» አለች ሰዓዳ።

የጦይባ እስክሪብቶ ቆመ። ከዚያ «ወፎችና የባሕር ኤሊ» ብላ ጻፈች።

የሚያዘው ዕቃ ዝርዝር ቀጠለ፦ ሰፊ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የውኃ ጫማ፣ የዋና ልብስ። ሰዓዳ የዋና ልብስ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሲነግሯት ነጠላዋን ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገች። እንድሪስ ሳቅ አመለጠውና ወዲያው አፈረ። የመጀመሪያው ቀን ዋና ነው፤ ሌሎቹ ዓሣ ሲመለከቱ እሷ መርከቡ ላይ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በላስቲክ ጀልባ ደሴቱ ላይ ይወርዳሉ። አንድ ሰዓት ተሰጥቷቸዋል። ወፎቹ እንቁላል ላይ ስለሆኑ ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው።

«አንድ ሰዓት ምን ታደርግበታለች?» አለ እንድሪስ። «ዓሊ ዲኒ ማዕበሉ ድንጋዮቹን በታትኗቸዋል ብሎኛል። የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

ሁሉም ዞሩ። ከማል በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ መኖሩንም ረስተውት ነበር።

«ምኑን ነው የምታውቀው?» አለው እንድሪስ።

«የሙሄን። በቃል ልነግራችሁ አልችልም፤ ቦታው ላይ ስቆም ግን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ የቆፈርኩት። አካፋ አልነበረም፤ በኤሊ ቅርፊት ቆፈርኩት።»

ከዚያ አራት ዓመት ያፈነውን ዘረገፈው። ዳር አልቀረም፤ ከሙሄ ጋር ተሳፍሮ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ጀልባዋ ተገለበጠች። ሙሄ ዋና አይችልም። ከማል በአንድ እጁ እየቀዘፈ፣ በሌላው ወንድሙን ይዞ እስከ አሱር ሶላት ሰዓት ድረስ ዋኘ። ደሴቱ ታየው፤ ወፎቹም ሲያንዣብቡ ታዩት።

«ክንዴ አልታዘዝ አለኝ» አለ። «ሁለታችንም ልንሰምጥ ሆነ። ‹ከማል› አለኝ፤ ሌላ ነገር አላለኝም። ለቀቅኩት እማዬ። ባሕሩ አልነጠቀኝም፤ እኔ ነኝ የለቀቅኩት። በማግስቱ ውኃው ራሱ ዳር አወጣልኝ።»

እንድሪስ ብድግ ብሎ በጥፊ መታው።

«አራት ዓመት! እኔ ሰው እግር ላይ እየወደቅኩ ስማጸን፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ብሎኬት ትመታለህ?»

ከማል ፊቱን እንኳ አልሸሸገም። «በመኪናህ ጭነህ በረሃው ዳር ያወረድከን ማን ሆነና?» አለው።

ሰዓዳ ይህን አታውቅም ነበር። ያን ሰሞን እንድሪስ አዳማ ነበርኩ ብሎ ነግሯት ነበር። ቀና ብላ ስታየው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ያኔ ጦይባ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ተናገረች።

«ደላላውን ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። ከማል እንኳ አልፈለገም ነበር። ‹አስተማማኝ ሰው አለኝ፣ አትፍሩ፣ ኑ› ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሰዓዳ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። እስከዚያን ቀን ልጇን የገደለው ባሕር ነበር። ባሕር ፊት የለውም፤ አይወቀስም፣ አይረገምም። አሁን ግን ለጥፋቱ ፊት ተገኘለት፤ ያውም ሦስት ፊት፣ ሦስቱም የራሷን ዓይን የያዙ። ልትረግማቸው ፈለገች፤ አንደበቷ እምቢ አላት። ልታቅፋቸው ፈለገች፤ እጇ እምቢ አላት። ተነስታ ውዱእ አደረገች፣ አሱርን ሰገደች፣ ምንጣፉ ላይም ብዙ ቆየች። ስትመለስ ሦስቱም እንደተወቻቸው ነበሩ።

«ጦይባ» አለች፣ «የኔን ስም ጻፊ። ሁለተኛውን ባዶ ተዪው።»

በቀጠሮው ሳምንት አራቱም በእንድሪስ መኪና ወደ ወደቡ ወረዱ። በረሃው ውስጥ አንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ እንድሪስ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እዚህ ጋ ነው ያወረድኳቸው» አለ።

ሰዓዳ በመስኮት አየች። ግራር እንኳ የለበትም። ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነው።

ጠዋት ላይ መርከቧ ወደብ ላይ ቆማ ሳለ ደረሱ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ትንሽ መርከብ ናት። ስድስቱ እንግዶች ተሳፍረው የዋና መነጽራቸውን እየሞከሩ፣ አንዱ የሌላውን ፎቶ እያነሳ ይሳሳቃሉ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ለሰዓዳ እጇን አውለበለበችላት። ሰዓዳም ጨዋ ናትና መለሰችላት።

እንድሪስ ቀድሞ ተናገረ። «እማዬ፣ አውርጄዋለሁ፤ አልክድም። ግን የፈለግኩትም እኔ ነኝ። እኔ ባልፈልገው ይሄ ልጅ ሚስጥሩን ይዞ ይቀበር ነበር፤ አንቺም እስካሁን በር በሩን ታዪ ነበር። አራት ዓመት የሄድኩበትን መንገድ ዛሬ አትቁረጪብኝ።»

ጦይባ የእናቷን ነጠላ ይዛ ነበር። «በኔ ቃል ነው የወጣው፤ ይቅር በለኝ የምለው ሌላ ቦታ የለኝም። ይቺን መርከብም ያገኘሁልሽ እኔ ነኝ። ደግሞስ እዚያ ላይ ልብሽን ቢያምሽ ቋንቋቸውን ማን ያውቅልሻል?»

ከማል ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ ቆሟል። ሰዓዳ «አንተስ?» አለችው።

«እኔ መሄድ አልፈልግም እማዬ። ያንን ደሴት ዳግመኛ ባላይ ይሻለኛል።» አሁንም ወደ ውኃው አልዞረም። «ግን እኔ ከሌለሁ የማን ልጅ መቃብር ላይ እንደምትቀመጪ አታውቂም።»

ሰዓዳ በልቧ መዘነቻቸው። እንድሪስን ብትወስድ፣ የደከመ እግሩ ያርፋል፤ ግን ሁለቱም አሥራ አራት ምልክቱ የተበታተነ መቃብር መሐል እየተንከራተቱ ሰዓቱ ያልቃል። ጦይባን ብትወስድ፣ ያቺን መርከብ በልመናዋ ያስገኘች ልጅ ዳር አትቀርም፤ መቃብሩ ግን አሁንም አይታወቅም። ከማልን ብትወስድ፣ ልጇ ያለበትን ታገኛለች። ከጀልባው ደግፎ የሚያወርዳት ግን ሙሄን የለቀቀው እጅ ነው። አራት ዓመት ከእሷ ጋር አንድ ማዕድ ሲቆርስ የዋሻትም ያው እጅ ነው።

የመርከቧ አዛዥ ወረቀት ይዞ ወረደ። ሰዓዳን ላይፍ ጃኬት አለበሳት፤ ሁለተኛውን እጇ ላይ ሰጣትና አንድ ነገር ጠየቀ። ጦይባ ተረጎመች።

«ሁለተኛው ተጓዥ ማን ነው፣ ቶሎ በሉ፣ ልንነሳ ነው ይላል።»

ሰዓዳ ላይፍ ጃኬቱን እንደያዘች ወደ ሦስቱ ዞረች። ከኋላዋ እንግዶቹ ይስቃሉ፤ ሞተሩ ተነስቷል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ እጁን አልዘረጋም።

ነገሩን የነገረኝ ሰው እዚህ ላይ አቆመ፤ እኔም የምጨምረው የለኝም። ቤታችሁ ስትገቡ ተከራከሩበት። አንዱ ፈለገው፣ አንዷ መንገድ ከፈተችለት፣ አንዱ ቀበረው። አንዱ አወረደው፣ አንዷ ጠራችው፣ አንዱ ለቀቀው። እናንተ በሰዓዳ ቦታ ሆናችሁ ጃኬቱን ብትይዙት ኖሮ ለማን ትሰጡት ነበር?