የተሸፈነችው መስመር

ተረት ልበላችሁ፤ እናንተም አማትባችሁ ስሙኝ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልብስ ሊያሰጡ ወጣ ሲሉ የብረቱ በር ከኋላቸው ጠቅ ብሎ ተቆለፈ። ዳዴ የምትል የልጅ ልጃቸው ማራናታ ውስጥ ቀረች። መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ ነው።

«ቤቶች!» አሉ ደንግጠው፣ እንደ ልማዳቸው።

«ደጆች!» አለ ከውስጥ የወንድ ድምፅ። የሟች ባላቸው የአቶ ደምመላሽ ድምፅ ነው።

«በር ሆይ፣ ክፈትልኝ፤ ሕፃኗ ውስጥ ናት።»

«ስልክ ካላዘዘኝ አልከፍትም» አለ በሩ፣ በራሱ የብረት ድምፅ።

ስልኩን ከመቀነታቸው ፈቱት። «ስልክ ሆይ፣ በሩን እዘዝልኝ፤ በር አልከፍት አለ፣ ሕፃኗ ውስጥ ናት።»

«የድሮው የበር መክፈቻ መተግበሪያ ጊዜው አልፎበታል፤ አዲሱ ካልገባልኝ አላዝም።»

መተግበሪያውን የሠራው ልጃቸው ኢዮስያስ ነው፤ በየትኛው የመተግበሪያ መደብር ላውጣው እያለ ወር ሙሉ ሲያመነታ ከርሟል። ጩኸቱን ሰምቶ ከጓሮ ክፍሉ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ወጣ።

«መተግበሪያ ሆይ፣ ግባ» አሉ እናቱ፤ «ስልክ አላዝም አለ፣ በር አልከፍት አለ፣ ሕፃኗ ውስጥ ናት።»

«መደብር ካላወጣኝ አልገባም።»

ያን ጊዜ ከውስጥ «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» የሚል ተሰማ። ያው የአቶ ደምመላሽ ድምፅ ነው። ሕፃኗ ሳቀች።

ትልቁን መደብር ለመኑት። «የደበቃችሁት ቢኖር ግድ የለኝም፤ ብቻ ሦስት ቀን ወረፋ ያዙ» አለ። ሦስት ቀን!

ወደ ክፍቱ መደብር ዞሩ። «መደብር ሆይ፣ አውጣው፤ መተግበሪያ አልገባም አለ፣ ስልክ አላዝም አለ፣ በር አልከፍት አለ፣ ሕፃኗ ውስጥ ናት።»

«አሁኑኑ አወጣለሁ፤ ግን ሰው ሁሉ የሚያየውን ኮድ ብቻ ነው። እዚህ አንዲት መስመር ተሸፍናለች።»

«ኮድ ሆይ፣ ተገለጥ፤ መደብር አላወጣም አለ፣ መተግበሪያ አልገባም አለ፣ ስልክ አላዝም አለ፣ በር አልከፍት አለ፣ ሕፃኗ ውስጥ ናት።»

«የሸፈነኝ ካልገለጠኝ አልገለጥም።»

«አንተ ልጅ፣ ግለጠው እንጂ! ኮድ አልገለጥም አለ፣ መደብር አላወጣም አለ፣ መተግበሪያ አልገባም አለ፣ ስልክ አላዝም አለ፣ በር አልከፍት አለ፣ ሕፃኗ ውስጥ ናት!»

ኢዮስያስ አንገቱን ደፋ። «እማዬ፣ ይቅር ካላልሽኝ አልገልጥም።»

«ምን አርገህ?»

«አባዬ በሕይወት ሳለ ድምፁን ቀድቼ ቤቱ ውስጥ አስቀመጥኩት። ‹ቤቶች› ስትይ እንዲመልስልሽ። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው፤ የሸፈንኳት መስመር ያቺ ናት።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ግድግዳውን ያዙ። «እኔ ደግሞ ነፍሱ አላረፈችም ብዬ! ዓመት ሙሉ ጉልበቴ እስኪያብጥ ስሰግድለት! አንተ ጉድ፣ እያየኸኝ?»

ውስጥ ሕፃኗ ሳቋን አቆመች። እሹሩሩው ግን አላቆመም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር!» አሉ። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግለጠው!»

እናት ይቅር ሲሉ ልጅ ገለጠ፤ ልጅ ሲገልጥ ኮድ ታየ፤ ኮድ ሲታይ መደብር አወጣ፤ መደብር ሲያወጣ መተግበሪያ ገባ፤ መተግበሪያ ሲገባ ስልክ አዘዘ፤ ስልክ ሲያዝ በር ተከፈተ።

ማራናታ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አንስተው አቀፏት።

«ያንን እሹሩሩም አጥፋው፣ ልጄ። አባትህ ይረፍ።»

ኢዮስያስ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«እማዬ፣ እኔ የቀዳሁት አንዲት ቃል ነው። ‹ደጆች› የምትለዋን ብቻ።»

ተረቴ ይኸው። እናንተም ከደጅ ስትጣሩ የሚመልስላችሁ ማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያሳውቃችሁ።