የትርንጎ ምድጃ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ ነው፣ ክብሪት ብርቅ በነበረበት ዘመን። ጉም አምባ ላይ ያለው፣ ዛሬ ሆቴል የሆነው ያ ትልቅ ግቢ የፊታውራሪ ይርዳው ነበር። ትርንጎ የምትባል የወጥ ቤት ገረድ ነበረቻቸው። ሥራዋ እሳት ማሳደር ነው። ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍናለች፤ ጠዋት ትገልጠዋለች። እሳት የጠፋበት ጎረቤት ሁሉ ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ይዞ ይመጣል፤ እሷም ትጭርለታለች።

አንድ ክረምት የፊታውራሪን ካብ የሚሠሩት ጭሰኞች «በዚህ ዝናብ ድንጋይ አንሸከምም» አሉ። ፊታውራሪ ቱግ አሉ። «ከቤቴ እሳት የሚሰጣቸው ወዮለት!» ብለው አዘዙ። ታች መንደር የአንዲት አራስ ምድጃ ጠፋ፤ ሕፃኗም በብርድ ደርቃ ልትሞት ሆነ። ትርንጎ ይህን ስትሰማ አንጀቷ አልቻለም። ፍሙን በገል አድርጋ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ በዶፉ ወረደች። ክንዷ ተቃጠለ፤ ሕፃኗ ዳነች። ፊታውራሪም አስጠሯት።

«አንቺ፣ ትእዛዜን ጥሰሽ ሰጠሽ?»

«ሰጥቻለሁ ጌታዬ። ጎድሎብዎ እንደሆነ ምድጃውን ይዩት።»

ገብተው አዩ። እሳቱ እንደነበረ ነው። ክንዷንም አዩ። ተመልሰው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ የከለከለ የለም።

ዘመን ተለወጠ። ፊታውራሪ ሞቱ፤ ልጆቻቸው ተበተኑ። የአዲሱ መንግሥት ሰዎች መጥተው ቤቱን ሊያሽጉ ተነሱ።

«አሽጉ ልጆቼ። እሳት ያለበት ቤት ከታሸገ ግን ይቃጠላል» አለች ትርንጎ።

«እንግዲያው ያጥፉት እማማ!»

«እጄ አይሄድልኝም። እናንተ አጥፉት።»

ተያዩ። አንዱ የውሃውን እንስራ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ወጥ ቤቱ ሳይታሸግ ቀረ። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ትርንጎ ጀርባዋን ለዝናቡ ሰጥታ እሳቱን ከለለች። እንዲህ ያለ ሰው ከወዴት ይገኛል!

ኋላ አቶ ሽመክት የሚባሉ ባለሀብት ከከተማ መጥተው ግቢውን ሆቴል አደረጉት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጭስ ግን አይወዱም። ትርንጎ አርጅታ፣ ታማ በተኛችበት ሰሞን ምድጃው ላይ ውሃ አስደፉበት።

የእርጥብ አመድ ሽታ መጣባት። ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰጥ እንጂ ስትለምን ታይታ የማትታወቅ ሴት፣ ገል ይዛ መንደር ወረደች።

«እሳት ጫሩልኝ» አለች።

መንደሩ ነቅሎ ወጣ። ሽማግሌው፣ ኮረዳዋ፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም ከየምድጃው ፍም ይዞ ተከተላት። እሷ ያልሰጠችው ቤት የት አለና! አገሩን ጉም ሸፍኖታል። አቶ ሽመክት ከበሩ ቆመው ቁልቁል ቢያዩ ሰው አይታይም፤ ፍም ብቻ እየቀላ ሽቅብ ይመጣል።  ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ትርንጎ እሳቷን አቀጣጥላ በዚያው ሳምንት አረፈች። እሳቱ እስከ ዛሬ አልጠፋም። የሆቴሉ ዘበኛ መጪውን ሁሉ «ወዴት ነህ?» ይላል፤ ገል የያዘን ሰው ግን አይጠይቅም። በአገራችን ሙሽራ ጎጆ ስትወጣ የመጀመሪያ እሳቷን የምትጭረው ከዚያ ነው። ፍሟን ይዛ ስታልፍም እንግዳው፣ አስተናጋጁ፣ ባለቤቱም ሳይቀር፣ ሁሉም ከመቀመጫው ይነሳል።